ሐውስ ቢል 6፦ በ60 ሚሊዮን ዶላር የተገዛው የኦሃዮ ሕግ

ጁላይ 23 ቀን 2019 የኦሃዮ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ የኢነርጂ ሕግ በ51 ድጋፍና በ38 ተቃውሞ አሳለፈ። ምክር ቤቱ 99 መቀመጫ ስላለው ሕግ ለማጽደቅ 50 ድምፅ ያስፈልጋል። የተረፈው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ገዥው ማይክ ዲዋይን በዚያው ቀን ፈረሙበት፤ «ሐውስ ቢል 6» የሚባለው ረቂቅም ሕግ ሆነ። ከዚያ በኋላ በኦሃዮ የመብራት ቢል የሚከፍል ሁሉ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም እየጨመረ ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎችን እንዲደጉም ታዘዘ። የሳንቲሙ ድምር በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሕጉ ውስጥ ያሉት ድጎማዎች አንድ ላይ ሲታዩ ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋሉ።

አንድ ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ኤፍቢአይ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ላሪ ሃውስሆልደርን ከአራት ሰዎች ጋር ያዘ። ክሱ እንደሚለው ፈርስትኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያና አጋሮቹ አፈ ጉባኤው ለሚቆጣጠሩት ድርጅት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰዋል። ሂሳቡን ላስላ ለሚል፣ ሕጉ በታሰበው መንገድ ቢዘልቅ ኖሮ አንዱ ዶላር ከሃያ በላይ ሆኖ ይመለስ ነበር።

ጉቦ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በፖስታ ታሽጎ ከጠረጴዛ ስር የሚተላለፍ ብር ነው። የኦሃዮው ገንዘብ ግን በባንክ የተላለፈ፣ ደረሰኝ የተቆረጠለት፣ በኩባንያው መዝገብ የሰፈረ ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ገንዘቡ በቀጥታ የሕግ አውጪዎችን ድምፅ አልገዛም። መጀመሪያ ዕጩዎችን አስመረጠ። ዕጩዎቹ አፈ ጉባኤውን መረጡ፣ አፈ ጉባኤው ሕጉን አሳለፉ፣ የቀረው ገንዘብ ደግሞ ሕዝቡ ሕጉን በድምፁ እንዳይሽረው መንገድ ዘጋ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ በአሜሪካ ሕግ የሚፈቀድ ወይም ለመፈቀድ የሚቀርብ ነው። ጉዳዩን ማጥናት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የኩባንያው ችግር

ፈርስትኢነርጂ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአክረን ከተማ ነው። በኦሃዮ ሦስት የማከፋፈያ ኩባንያዎች አሉት፤ ኦሃዮ ኤዲሰን፣ ቶሊዶ ኤዲሰን እና በክሊቭላንድ ያለው ኢሉሚኔቲንግ ካምፓኒ። ማከፋፈያዎቹ አትራፊ ናቸው፤ ታሪፋቸውን መንግሥት ይወስናል፣ ደንበኛውም ሌላ ሽቦ የለውም። ራስ ምታት የሆኑት ማመንጫዎቹ ነበሩ። በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ ያሉት ዴቪስ ቤሲ እና ፔሪ የተባሉት የኒውክሌር ጣቢያዎች ኃይላቸውን የሚሸጡት በክፍት ገበያ ነው። ከፔንስልቬኒያና ከኦሃዮ መሬት ስር የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ የጅምላ ዋጋውን ሲያወርደው ጣቢያዎቹ ወጪያቸውን መሸፈን አቃታቸው።

እዚህ ላይ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ኦሃዮ የማመንጨቱን ሥራ በ1999 በወጣ ሕግ ለውድድር ስትከፍት፣ ኩባንያዎቹ ያረጁ ማመንጫዎቻቸውን ወጪ እንዲያካክሱ ተብሎ ደንበኛው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር «የሽግግር ክፍያ» ከፍሏል። በ2019 የተጠየቀው ድጎማ ለእነዚያው ጣቢያዎች በድጋሚ የመጣ ሂሳብ ነበር።

ኩባንያው በ2017 የተለመደውን መንገድ ሞክሯል። በዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝለት ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ማርች 2018 ላይ የማመንጫ ቅርንጫፉ ፈርስትኢነርጂ ሶሉሽንስ ጣቢያዎቹን እንደሚዘጋ አሳወቀ፤ የፌዴራሉ የኢነርጂ ሚኒስቴር አስቸኳይ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ለመነ፤ ወሩ ሳያልቅም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የጎደለው ክርክር አልነበረም፤ የአየር ብክለቱንም፣ የሥራ ዕድሉንም፣ የአካባቢውን የትምህርት ቤት ግብር ገቢም አንስቶ ተከራክሯል። የጎደለው ረቂቁን ከኮሚቴ የሚያወጣ አፈ ጉባኤ ነበር።

ገንዘቡ የሄደበት መንገድ

ሃውስሆልደር ከግዛቱ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ በስተ ምሥራቅ ካለው የፔሪ ካውንቲ ገጠር የመጡ ሪፐብሊካን ናቸው። ከ2001 እስከ 2004 አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ኤፍቢአይ ሲመረምራቸው ቆይቶ ያለ ክስ ተዘጋላቸው። በ2017 መጀመሪያ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ፤ ዓላማቸው የድሮ ወንበራቸው ነው። በዚያው ጃንዋሪ በፈርስትኢነርጂ አውሮፕላን ለዶናልድ ትራምፕ በዓለ ሲመት ዋሽንግተን ሄዱ፤ ከኩባንያው አለቆች ጋርም እራት በሉ። ፌብሩዋሪ ላይ በደላዌር «ጄኔሬሽን ናው» የተባለ ድርጅት ተመዘገበ። ማርች ላይ የመጀመሪያው 250,000 ዶላር ገባ፤ በየሩብ ዓመቱም ይደጋገም ጀመር።

የድርጅቱ ዓይነት ማብራሪያ ይፈልጋል። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ 501 ሲ 3ን ያውቀዋል፤ ብዙዎቹ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማኅበራት የተመዘገቡት በእሱ ነው፤ ዕጩ መደገፍም ክልክል ነው። ጄኔሬሽን ናው 501 ሲ 4 ነበር፤ በሕግ ቋንቋ «የማኅበራዊ ደኅንነት» ድርጅት። ይህኛው ፖለቲካ ዋና ሥራው እስካልሆነ ድረስ ዕጩ መደገፍ፣ ማስታወቂያ ማስነገር፣ ሎቢ ማድረግ ይችላል። የሚቀበለው ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ዋናው ጥቅሙ ግን የለጋሹን ስም ለሕዝብ አለማሳወቁ ነው። በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው ፎርም 990 ገቢና ወጪውን ያሳያል፤ ያውም ምርጫው ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ። ከማን እንደገባ ግን አያሳይም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፦ በኦሃዮ ሕግ ኩባንያ ለዕጩ በቀጥታ መስጠት አይችልም፤ ግለሰብ ደግሞ በወቅቱ ለአንድ ዕጩ መስጠት የሚችለው 13,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ስሙም ይመዘገባል። በ501 ሲ 4 በኩል ሲሆን ያው ኩባንያ በሦስት ወር 250,000፣ ኋላም በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖችን መላክ ቻለ። ፈርስትኢነርጂ ይህ እንኳ በቂ ሽፋን አልመሰለውም። «ፓርትነርስ ፎር ፕሮግረስ» የተባለ ሌላ 501 ሲ 4 በራሱ ገንዘብ አቋቁሞ ከፊሉን በዚያ በኩል አሳለፈ። እንዲህ ሲሆን ጄኔሬሽን ናው የራሱን መዝገብ ቢገልጥ እንኳ የሚታየው ስም ሌላ ማኅበር ነው።

የሂሳቡ ዕለታዊ ኃላፊ የሃውስሆልደር የፖለቲካ አማካሪ ጄፍ ሎንግስትረዝ ነበር። አብዛኛው ገንዘብ ለፖለቲካ ዋለ። ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር የማያንስ ግን ወደ አፈ ጉባኤው የግል ጉዳይ ፈሰሰ፦ በፍሎሪዳ ኔፕልስ ላለው ቤታቸው ወጪ፣ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ፣ ለቆየ የፍርድ ቤት ክርክር ማብቂያ። በእኛ ግምት ትልቁ ስህተታቸው ይኼ ነው። ስልሳውን ሚሊዮን ለዘመቻ ብቻ አውጥተውት ቢሆን ዳኞች ፊት ማስረዳቱ በጣም ይከብድ ነበር።

ዕጩዎቹና ወንበሩ

በአብዛኛው የኦሃዮ ወረዳ አሸናፊው የሚለየው በኖቬምበር ምርጫ ሳይሆን በፀደይ በሚደረገው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው። በሜይ 2018ቱ የውስጥ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከአምስት የተመዘገበ መራጭ አንዱ ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ውድድር ጥቂት ሺህ ድምፅ፣ ማለትም ጥቂት ዙር የፖስታ በራሪ ጽሑፍና የሁለት ሳምንት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ ውጤት ይገለብጣል። ለአንድ ወረዳ ብዙ ነው የሚባለው ገንዘብ ለመብራት ኩባንያ ምንም አይደለም።

ቡድኑ 21 ዕጩዎችን ደገፈ፤ «ቲም ሃውስሆልደር» ይባሉ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ስለ ኒውክሌር አንድም ቃል አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ተቀናቃኙ ዕጩ ነው። መራጩ በራሪ ጽሑፉን ሲያነብ ግርጌው ላይ የሚያገኘው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን የማኅበር ስም ነው። ኦክቶበር 2018 ላይ፣ ዋናው ምርጫ ሊደርስ ሲል፣ የፈርስትኢነርጂ ሶሉሽንስ ሎቢስት ሁዋን ሴስፔደስ ከሃውስሆልደር ጋር በተቀመጠበት ስብሰባ የ400,000 ዶላር ቼክ እንደሰጠ ኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሯል። በዚያ ስብሰባ የተነጋገሩት ስለ ጣቢያዎቹ መዳን ነበር።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 የአፈ ጉባኤ ምርጫ ተደረገ። ሪፐብሊካኖቹ 61 መቀመጫ ቢኖራቸውም ለሁለት ተከፍለዋል። ሃውስሆልደር 52 ለ46 አሸነፉ፤ ድምፁ የመጣው ከ26 ሪፐብሊካንና ከ26 ዴሞክራት ነው። ዴሞክራቶቹ ከኩባንያው ገንዘብ ተቀብለው ነው ማለት አይደለም፤ ሃውስሆልደር ለሠራተኛ ማኅበራት ከተቀናቃኛቸው የተሻሉ ናቸው ብለው ያሰቡም ነበሩ። ከገንዘቡ የተገኘው ግን እነዚያ 26 ሪፐብሊካኖች ውስጥ ያለው የአዳዲስ ፊቶች ቁጥር ነው። ሦስትና አራት ሰው ቢጎድል ወንበሩ ለሌላ ይሆን ነበር።

አፈ ጉባኤው ረቂቁ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ ይወስናል፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን ይሾማል፣ ለድምፅ የሚቀርብበትን ቀን ይቆርጣል። በ2017 ኮሚቴ ውስጥ የሞተው ሐሳብ ኤፕሪል 12 ቀን 2019 ሐውስ ቢል 6 ተብሎ ቀረበ፤ በሜይ 29 ምክር ቤቱን 53 ለ43፣ በጁላይ 17 ሴኔቱን 19 ለ12 አለፈ። ከመቅረቡ እስከ መፈረሙ ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ነው።

በሕጉ ውስጥ የታጨቀው

ሕጉ «ንጹሕ አየር» በሚል ስም ነው የተሸጠው። ይዘቱን ስናየው የኒውክሌሩ ድጎማ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነበር። ከ2021 እስከ 2027 የመኖሪያ ቤት ደንበኛ በወር 85 ሳንቲም፣ በዓመት 10 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፍላል፤ ትልቅ ፋብሪካ በወር እስከ 2,400 ዶላር። ከሚሰበሰበው 20 ሚሊዮኑ በዓመት ለጥቂት የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክቶች ነው፤ ይህ የተጨመረው ድጋፍ ለማሰባሰብ ነው ብንል ማንንም አናማም።

ሁለተኛው ድጎማ ንጹሕ አየር የሚለውን ስም ያፈርሰዋል። የኦሃዮ ቫሊ ኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን ንብረት ለሆኑ ሁለት የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ከመኖሪያ ቤት ደንበኛ በወር እስከ አንድ ዶላር ተኩል፣ እስከ 2030 እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ማመንጫዎቹ የተሠሩት በ1950ዎቹ በደቡብ ኦሃዮ ለነበረው የመንግሥት ዩራኒየም ማበልጸጊያ ኃይል እንዲያቀርቡ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ ክሊፍቲ ክሪክ፣ ያለው ኢንዲያና ግዛት ነው። የኦሃዮ ሰው ለጎረቤት ግዛት የከሰል ጣቢያ ይክፈል ማለት ነው። በኮሎምበስና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የፈርስትኢነርጂ ደንበኛ ባይሆኑም ይህ ክፍያ አልቀረላቸውም፤ የከተማዋ አከፋፋይ ኤኢፒ በእነዚያ ጣቢያዎች ትልቁ ባለድርሻ ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ የታዳሽ ኃይል ግዴታውን፣ ማለትም ኩባንያዎች ከታዳሽ ምንጭ ማቅረብ ያለባቸውን የኃይል ድርሻ፣ ከ12.5 በመቶ ወደ 8.5 በመቶ አወረደው፤ ኩባንያዎች ደንበኛው ኃይል እንዲቆጥብ የሚያግዙበትንም ግዴታ አስቀረ።

አራተኛውን ብዙ ሰው ሳያነበው ነው ያለፈው። የፈርስትኢነርጂ ማከፋፈያዎች ገቢ በ2018 ደረጃ እንዲረጋ አደረገ፤ የኃይል ሽያጭ ቢቀንስ ልዩነቱን ደንበኛው ይሞላል። 2018 የአየሩ ሁኔታ ብዙ መብራት ያስፈጀበት፣ ሽያጩ ከፍ ያለ ዓመት ነበር። የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ቻክ ጆንስ ለባለሀብቶች ሲናገሩ ይህ አንቀጽ ድርጅቱን የኢኮኖሚ ድቀት እንዳይነካው እንደሚያደርገው ገልጸውታል። የኒውክሌር ጣቢያዎቹ ከኪሳራው ሂደት በኋላ ከፈርስትኢነርጂ ተነጥለው የሌላ ኩባንያ ሆኑ፤ ይህ አንቀጽ ግን ለእናት ኩባንያው የቀረ ነው።

የክፍያው አነስተኛነት ራሱ ስልት ነው። ለ85 ሳንቲም ብሎ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ለምስክርነት ኮሎምበስ የሚሄድ ቤተሰብ የለም። ለ150 ሚሊዮን ግን በየቀኑ በኮሪደሩ የሚመላለስ ሎቢስት ይቀጠራል።

ዘጠናው ቀን

የኦሃዮ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ አዲስ ሕግን በሕዝበ ውሳኔ እንዲሽር ይፈቅዳል። ሕጉ ከወጣ በ90 ቀን ውስጥ ባለፈው የገዥ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ ስድስት በመቶ የሚሆን ፊርማ ማሰባሰብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዓመት ስሌት 265,774። በተጨማሪ ከ88ቱ ካውንቲዎች በ44ቱ በእያንዳንዳቸው ሦስት በመቶ መገኘት አለበት። ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 21 ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሥራ ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ጊዜ የበላው ቢሮክራሲው ነው። ፊርማ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት 1,000 ፊርማ የያዘ ማመልከቻና የሕጉ አጭር መግለጫ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ይቀርባል፤ መግለጫው ትክክል ካልሆነ ይመለሳል። የመጀመሪያው ተመለሰ። ታርሞ፣ ተፈርሞ፣ እንደገና ቀርቦ እስኪጸድቅ ከ90ው ቀን 38ቱ አለቀ። ቀሪው 52 ቀን ነው።

ከዚያ የገንዘቡ ሥራ መጣ። ከ60 ሚሊዮኑ ትልቁ ድርሻ የወጣው ሕጉን ለማሳለፍ አይደለም፤ ሕዝበ ውሳኔውን ለማስቀረት ነው። የተሠራው በአራት ዓይነት ነው፤ ቅደም ተከተላቸውም ሆን ተብሎ የታሰበበት ይመስላል።

በአሜሪካ በአጭር ቀን ሩብ ሚሊዮን ፊርማ የሚሰበስበው በጎ ፈቃደኛ አይደለም። በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ቁጥራቸውም ብዙ አይደለም። የአፈ ጉባኤው ቡድን ቀድሞ ሄዶ ድርጅቶቹን ቀጠራቸው፤ ሥራቸው ለተቃዋሚው አለመሥራት ነው። ከሌላ ግዛት የመጡት ፊርማ ሰብሳቢዎች ደግሞ ሥራቸውን ጥለው እንዲሄዱ ጥሬ ገንዘብና የአውሮፕላን ቲኬት ይቀርብላቸው ነበር።

ያልሄዱት መንገድ ላይ ተከበቡ። ሰብሳቢው ቤተ መጻሕፍት ወይም ሱፐርማርኬት በር ላይ ሲቆም ሁለት ሦስት ሰዎች መጥተው አጠገቡ ይቆማሉ፤ ሊፈርም የቀረበውን ሰው ያዋክባሉ፣ ያስፈራራሉ። ግርግር ውስጥ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ የሚፈርም ሰው የለም፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰብሳቢው የሚከፈለው በፊርማ ቁጥር ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ራሱ ያቆማል።

በቴሌቪዥኑ «ቻይና የኦሃዮን የመብራት መረብ ልትይዝ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለቀቀ። መነሻው አንድ የቻይና መንግሥታዊ ባንክ በኦሃዮ ለተሠሩ የጋዝ ማመንጫዎች ከአበደሩት አንዱ መሆኑ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ስምህን ለቻይና አትስጥ» ድረስ መድረስ ትልቅ ዝላይ ነው፤ ግን ሠራ። ያው ቡድን የራሱን የፊርማ ወረቀትም ያዞር ነበር፤ ለሕግ አውጪዎች የሚቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ ሲሆን ሕጋዊ ውጤት የለውም። አንዴ የፈረመ ሰው ግን «ፈርሜያለሁ» ብሎ ትክክለኛውን ወረቀት ያልፈዋል።

አራተኛው ስለላ ነው። የቀድሞው የኦሃዮ ሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀ መንበር ማት ቦርጀስ በፊርማ ዘመቻው ውስጥ ለሚሠራ ሰው 15,000 ዶላር ሰጡት፤ የፈለጉት ምን ያህል ፊርማ እንደተሰበሰበ የሚያሳይ የውስጥ መረጃ ነበር። ሰውየው ወደ ኤፍቢአይ ሄዶ ተናገረ፣ ውይይታቸውንም ቀረጸ። ከዚህ በፊትም መርማሪዎች በሌላ ጉዳይ የሆቴል ባለሀብት መስለው ከአፈ ጉባኤው ሎቢስት ከኒል ክላርክ ጋር ሲቀራረቡ ስለ ጄኔሬሽን ናው የሚናገሩትን ይቀርጹ ነበር።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ የተሰበሰበው 221,000 ገደማ ነበር። የጎደለው ከ45,000 አይርቅም፤ በጠፋው 38 ቀን ይሞላ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጊዜው እንዲራዘም የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ።

ተቆጣጣሪው

አፈ ጉባኤው ሕግ ያወጣሉ፤ የመብራት ታሪፉን ግን የሚወስነው የኦሃዮ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ገዥው ዲዋይን በ2019 መጀመሪያ ለኮሚሽኑ ሊቀ መንበርነት የመረጧቸው ሳም ራንዳዞ የኢነርጂ ጠበቃ ነበሩ። ፈርስትኢነርጂ ከሹመታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት 4.3 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈላቸው፣ በሊቀ መንበርነታቸውም እንዲጠቅሙት አስቦ እንደነበር፣ ከፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጋር በገባው ስምምነት ላይ አምኗል። በኖቬምበር 2019 ኮሚሽኑ ኩባንያው በ2024 ታሪፉን ለምርመራ እንዲያቀርብ የተጣለበትን ግዴታ አነሳለት። ለኩባንያው ይህ ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ምርመራው ታሪፍ ሊያስቀንስ ይችል ነበርና።

ራንዳዞ በኖቬምበር 2020 ቤታቸው ሲፈተሽ ሥራ ለቀቁ፤ በዲሴምበር 2023 ተከሰሱ፤ ጥፋተኛ አይደለሁም አሉ። ኤፕሪል 2024 ክሱ ፍርድ ሳያገኝ በራሳቸው እጅ ሕይወታቸው አለፈ። ኒል ክላርክም በማርች 2021 እንዲሁ አልፈዋል።

ፍርዱ የቆመበት ጠባብ መሬት

ሎንግስትረዝና ሴስፔደስ በኦክቶበር 2020 ጥፋታቸውን አመኑ፤ ጄኔሬሽን ናውም በፌብሩዋሪ 2021 እንደ ድርጅት አመነ። ፈርስትኢነርጂ ጆንስን አባረረ፤ በጁላይ 2021 ክሱ እንዲዘገይለት የ230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበለ፤ ግማሹ ለፌዴራል ግምጃ ቤት፣ ግማሹ በኦሃዮ የመብራት ክፍያ ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች ፕሮግራም። ጆንስና ሌላው የኩባንያው ባለሥልጣን ማይክል ዳውሊንግ በ2024 በግዛቱ፣ በ2025 በፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ተከሰዋል፤ ሁለቱም ክሱን አስተባብለዋል። ገዥው አልተከሰሱም።

ሃውስሆልደርና ቦርጀስ በ2023 መጀመሪያ በሲንሲናቲ ለሰባት ሳምንት ገደማ ተዳኙ። ክሱ ለተደራጀ ወንጀል በወጣው ሕግ መሠረት የማሴር ወንጀል ነው። የሃውስሆልደር መከላከያ ቀላል ነበር፦ ይህ ፖለቲካ ነው፣ ገንዘብ ማሰባሰብ ሥራዬ ነው፣ ጣቢያዎቹ እንዲድኑ ድሮም አምን ነበር። መከላከያው የሚናቅ አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1991 ጀምሮ እንደወሰነው የዘመቻ መዋጮ ጉቦ የሚሆነው ግልጽ የልውውጥ ቃል ሲኖር ብቻ ነው፤ «ይህን ስጠኝ፣ ያንን አደርግልሃለሁ» የሚል። ለጋሹ ውለታ ተስፋ ማድረጉ፣ ተቀባዩም ያንን ማወቁ፣ ወንጀል አይደለም። በ2010 ደግሞ በሲትዝንስ ዩናይትድ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያዎች ከዕጩዎች ጋር ሳይመካከሩ ለምርጫ ያለ ጣሪያ ወጪ እንዲያወጡ ፈቅዷል።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ያሸነፈው የገንዘቡን ብዛት በማሳየት ብቻ አይደለም። የስልክ ጽሑፍ መልእክቶችን፣ የተቀረጹ ንግግሮችን፣ ክፍያው ከሕጉ እርምጃ ጋር ቀን በቀን የሚገጥምበትን መዝገብና ውስጥ ሆነው ያዩትን ምስክሮች አቀረበ። የፍሎሪዳው ቤት ወጪም ተቆጠረ። ማርች 9 ቀን 2023 ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ሃውስሆልደር 20 ዓመት፣ ቦርጀስ 5 ዓመት ተፈረደባቸው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 ፍርዱን አጸናው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ከጉዳዩ የተቀረጹትን ንግግሮች፣ መልእክቶቹን፣ የግል ወጪውንና 15,000 ዶላሩን ያውጣ። የሚቀረው 60 ሚሊዮን የሚያዋጣ ኩባንያ፣ በሱ ገንዘብ የተመረጡ ሕግ አውጪዎች፣ በነሱ ድምፅ የተሾመ አፈ ጉባኤና የ1.3 ቢሊዮን ሕግ ነው፤ ያንን ለወንጀል ችሎት ማቅረብ በጣም ያዳግታል። ብልጥ ሎቢስት ከዚህ ፍርድ የሚማረው ስልኩ ላይ እንዳይጽፍ ነው።

የተነሳውና የቀረው

ምክር ቤቱ ሃውስሆልደርን ከአፈ ጉባኤነት በጁላይ 2020 አወረዳቸው። ይሁንና ክስ ላይ እያሉ በኖቬምበር በድጋሚ ተመረጡ፤ በጁን 2021 በ75 ለ21 ድምፅ ተባረሩ። የኒውክሌሩን 85 ሳንቲም መሰብሰብ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ዳኛ አገደው፤ በማርች 2021 የወጣው ሐውስ ቢል 128 ደግሞ እሱንና የገቢ ዋስትናውን ሻረ።

የከሰሉ ድጎማ ግን ከዚያ ሽረት ውጪ ሆነ። ባለቤቶቹ ብዙ ኩባንያዎች ናቸው፣ ማንም በጉቦ አልተከሰሰበትም፤ «በቅሌቱ የተነካውን አንሥተናል» ማለትም ቀላል ነበር። የታዳሽ ኃይል ግዴታውም ዝቅ እንዳለ ቀረ። የ501 ሲ 4 ለጋሾች ስም እንዲገለጥ ከቅሌቱ በኋላ የቀረቡት ረቂቆች ከምክር ቤቱ ሳይወጡ ቀሩ። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ መንገዱ ተቃራኒ ነበር፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ በሜይ 2020፣ እስሩ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ እነዚህ ድርጅቶች የትልልቅ ለጋሾቻቸውን ስም ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ እንኳ የማሳወቅ ግዴታቸውን አንሥቷል።

ለሁለቱ የከሰል ማመንጫዎች የሚሄደው ክፍያ የቆመው በ2025 በወጣው ሐውስ ቢል 15 ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በኦገስት አጋማሽ ነው፤ አፈ ጉባኤው ከታሰሩ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዚያ ድረስ የኦሃዮ ደንበኛ የኢንዲያናውን ጣቢያ ጨምሮ ከቢሉ ላይ ሲከፍል ቆይቷል። የተከፈለው አልተመለሰም።